«ተሰጥቷል» ያለችውና «አልነገረችኝም» ያለችው

የአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዋርድ ኃላፊ የሆኑ ነርስ ረዘም ያለ ደብዳቤ ልከውልናል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦

«ከሦስት ሳምንት በፊት 7 ቁጥር አልጋ ላይ የተኛ የስኳር ታካሚ በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ተወጋ። ትእዛዙ ለ12 ሰዓት ነበር። የቀን ተረኛዋ 11 ሰዓት ላይ 16 ዩኒት ወጋችው፤ የማታ ተረኛዋ 12፡30 ላይ ያንኑ ደገመችው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ላብ አጥምቆት፣ ሲቃዥ ተገኘ፤ ስኳሩ ወደ 41 ወርዶ ነበር። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ተሰጥቶት ተረፈ። በማግስቱ ሁለት ሰዓት የፈጀ ግምገማ ተቀመጥን። የቀኗ ነርስ ‹ርክክብ ላይ ተሰጥቷል ብያታለሁ› አለች። የማታዋ ‹አልነገረችኝም› ብላ ማለች። ሜዲካል ዳይሬክተሩ ‹ከሁለት አንዳችሁ ትዋሻላችሁ› አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ ‹የአመለካከት ችግርና ቸልተኝነት› ተብሎ ተጻፈ፤ የማታዋ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ነርሶቹ ‹የሰው እጥረት ነው› ይላሉ። ያን ምሽት መድኃኒት የሚፈረምበት የታካሚው ካርድ ለጤና መድኅን ማኅተም ወጥቶ እንደነበረም ይወራል። ከዚያ ወዲህ ዋርዱ ውስጥ አንድም ስህተት ሪፖርት አልተደረገም፤ ስህተት ጠፍቶ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። እውነቱን እንዴት ላግኘው? እንደገና ግምገማ ሳይሆንብኝስ እንዴት ላወያያቸው?»

ውድ ሲስተር፣

«ከሁለት አንዷ ትዋሻለች» የሚለውን ፍርድ ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉት። ደብዳቤዎ ላይ ካለው ብቻ ተነሥተን ስናየው፣ ሁለቱም የሚያምኑበትን እየተናገሩ ሊሆን ይችላል። «ተሰጥቷል» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ። ዋርድ ውስጥ ይቺ ቃል ሁለት ሥራ ትሠራለች። ፋርማሲው ብልቃጡን ለዋርዱ ሲያስረክብ «ተሰጥቷል» ይባላል፤ ነርሷ መርፌውን ስትወጋም «ተሰጥቷል» ይባላል። ማን እንደሰጠ፣ ለማን እንደሰጠ ቃሏ አትናገርም። መርፌውን በእጇ የወጋችው ነርስ «የ7 ቁጥር ኢንሱሊን ተሰጥቷል» ስትል በልቧ ያለው መርፌው ነው። ገና ከቤቷ የገባችው፣ «ለሌሊቱ መድኃኒት አለ ወይስ የለም» የሚለው የሚያሳስባት የማታ ተረኛ ደግሞ ብልቃጡን ልትሰማ ትችላለች። እንዲያ ከሆነ ስለ መርፌው የነገራት ሰው የለምና «አልነገረችኝም» ብላ መማሏ ውሸት አይደለም። ነገሩ የሆነው በዚህ መንገድ ነው ብለን አንፈርድም። ሁለት ሰዓት በፈጀው ግምገማ ግን «ተሰጥቷል ስትልሽ ምኑ የተሰጠ መሰለሽ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ያለ አይመስልም።

የአንዲት ቃል ነገር ትንሽ መስሎ እንዳይታይዎት። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ ቴነሪፍ ላይ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አልቋል። ጭጋጉ ከባድ ስለነበር ማማ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ አውሮፕላኖቹን አያይም ነበር። ከሁለቱ የአንደኛው፣ የኔዘርላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም፣ ረዳት አብራሪ አውሮፕላኑ መንደርደር ሲጀምር በሬዲዮ «አሁን መነሻ ላይ ነን» የሚመስል ነገር ተናገረ። ተቆጣጣሪው ቆመው ፈቃድ የሚጠብቁ መሰለውና «እሺ» አለ። «ተጠባበቁ፣ እጠራችኋለሁ» ብሎ ነበር የጨረሰው፤ ሌላው አውሮፕላን በዚያው ቅጽበት ሬዲዮ ላይ ስለገባ ግን ከ«እሺ» በኋላ ያለው በጩኸት ተዋጠ። የበረራ መሐንዲሱ ተጠራጥሮ «ያኛው ገና አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ በአየር መንገዱ የ747 አሠልጣኝ፣ የተከበረ ሰው ነበር፤ «ወጥቷል» አለ፤ መሐንዲሱም ዝም አለ። ከዚያ አደጋ በኋላ «መነሣት» የሚለው የሬዲዮ ቃል ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተደነገገ። በሌላው ጊዜ ሁሉ ሌላ ቃል ይተካዋል።

ይህንን አደጋ ከመረመሩት ምሁራን አንዱ አሜሪካዊው የድርጅት ሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ዋይክ ናቸው። ለብዙ ዓመታት የደከሙበት ጥያቄ የእርስዎው ጥያቄ ነው፦ ሰው ሥራ ቦታው ላይ የገጠመውን ነገር እንዴት አድርጎ ይረዳዋል? አንደኛው ነጥባቸው ሰው መጀመሪያ ይሠራል፣ ትርጉም የሚሰጠው በኋላ ዞር ብሎ ሲያይ ነው የሚል ነው። ስለዚህ ታካሚው ላብ ሲያጠምቀው ካየ በኋላ የሚነገርዎት ታሪክ በርክክቡ ሰዓት፣ 11፡30 ላይ፣ በሰዎቹ ልብ የነበረው ታሪክ አይደለም። ሌላው፣ ሰው ዙሪያውን ካለው ሁሉ የሚያነሣው ጥቂት ምልክት ነው፤ የትኛውን እንደሚያነሣ ደግሞ ማንነቱ ይወስንለታል። ፋርማሲስቱ ክምችት ያያል፣ ዳይሬክተሩ ሥርዓት ያያሉ፣ ነርሷ ያልተሠራ ሥራ ታያለች። ለእርስዎ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ሥራ እንዲቀጥል ትክክለኛ ታሪክ የግድ አያስፈልግም፣ የሚያሳምን ታሪክ ይበቃል። «ቸልተኝነት» የሚለው ቃል ስብሰባውን የዘጋው ሰው ሁሉ ወደ ሥራው እንዲመለስ ስላስቻለ ነው፤ እውነት መሆኑን ማንም አላጣራም።

እዚህ ላይ ስለ መሥሪያ ቤቶቻችን ቋንቋ በግልጽ እንናገር። «የአመለካከት ችግር፣ የክህሎት ክፍተት፣ የግብዓት እጥረት» የሚሉት ሦስቱ ከግብርና ጽሕፈት ቤት እስከ ሆስፒታል የማይገቡበት ሪፖርት የለም። ለሁሉም ቤት የሚሆን ቃል ስለ እርስዎ ዋርድ፣ ስለዚያ ምሽት 11፡30 የሚነግርዎት ነገር አይኖርም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ «በዓይን ታይቷል? በጆሮ ተሰምቷል?» ብለው ይጠይቁ። የአመለካከት ችግር ያየ ሰው የለም። «11፡30 ላይ ካርዱ ዋርድ ውስጥ አልነበረም» የሚለው ግን ይታያል፣ ይጣራል። «ርክክብ ላይ ክፍተት ነበር» የሚለውም አይጠቅምም፤ «ርክክቡ ኮሪደር ላይ ቆመው ተደረገ፣ አልጋ ለአልጋ አልተዞረም» የሚለው ይጠቅማል። ፈተናውን በነርሶቹም ቃል ላይ ያድርጉት። የሰው እጥረት እውነት ነው፤ እንደ ጥቅል ስም ከተጠቀምንበት ግን እንደ «ቸልተኝነት» ሁሉ በር ይዘጋል። ያን ምሽት ስንት ነርስ ለስንት ታካሚ ነበር? ርክክቡ ስንት ደቂቃ ፈጀ? በዚያ ምክንያት ያልተሠራው የትኛው ሥራ ነው? በቁጥር ሲጻፍ ዳይሬክተሩም «ሁሉም ቦታ እጥረት አለ» ብለው አያልፉትም።

የግምገማውን ጉዳይ እናንሣ። ሒስና ግለ ሒስ ከፖለቲካ ድርጅት ወደ መሥሪያ ቤት የገባ ልማድ ነው፤ የሚመዝነውም ሰውን ነው። «ማን ነው? ያምናል ወይስ አያምንም?» የሚል መድረክ ላይ ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ይናዘዛል፣ ወይ ይከላከላል። ያየውን መናገር ሦስተኛ ምርጫ ሆኖ አልቀረበለትም። ስለዚህ ስሙን ብቻ ለውጠው ያንኑ መድረክ ቢደግሙት አይሠራም። አዳራሹንም፣ ረጅሙን ጠረጴዛ ከነመድረክ መሪው፣ «ጥንካሬና ድክመት» የሚለውንም አጀንዳ ይተዉት። ውይይቱን እዚያው ዋርዱ ውስጥ፣ ወይም በነርሶች ክፍል፣ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ትልቅ ወረቀት ፊት ያድርጉት። ዓይን ሁሉ ወረቀቱ ላይ ሲሆን የሰው ፊት ትንሽ ያርፋል።

ከሰው በፊት የማይናገሩትን ዕቃዎች ይጠይቁ። ሦስት ሳምንት አልፏል፤ ትዝታው በየቡናው ተነግሮ ተነግሮ ለስልሷል። የተወጋ መድኃኒት የሚፈረምበትን ሜዲኬሽን ሺት፣ የሐኪሙን ኦርደር ሺት፣ የፋርማሲውን የወጪ መዝገብ፣ የጤና መድኅን ክፍሉን መዝገብ፣ የተረኛ ድልድሉን ይሰብስቡ። የስኳር መለኪያው (ግሉኮሜትሩ) የለካውን ከነሰዓቱ ያስቀምጣል፤ ነገር ግን ባትሪ ሲቀየር ሰዓቱ ሊዛባ ስለሚችል ዛሬ ከስልክዎ ጋር ያስተያዩትና ልዩነቱን ይጻፉ። ብዙ ምርመራ የሚበላሸው ደግሞ በሰዓት አቆጣጠር ነው። ሐኪሙ «18፡00» ብሎ ያዘዘውን ነርሷ 12 ሰዓት ትለዋለች። «በ6» ተብሎ የተጻፈ ትእዛዝ በአንዱ ቆጠራ የእራት ሰዓት ነው፣ በሌላው እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ነው። ቀኑም አንዱ ሰነድ ላይ በእኛ፣ ሌላው ላይ በአውሮፓውያን ይጻፋል። ሁሉንም ወደ አንድ ቆጠራ ይመልሱና ወረቀቱ አናት ላይ «በኢትዮጵያ ሰዓት» ብለው ይጻፉ። ይህን ስታደርጉ ብቻ አንዳንድ «ውሸት» በራሱ ሊጠፋ ይችላል።

ደብዳቤዎ ያላነሣው ምስክር አለ፤ አስታማሚው። ቀንም ሌሊትም አልጋው ሥር የተቀመጠ ሰው ሁለቱንም መርፌ አይቶ «እነሱ ያውቃሉ» ብሎ ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል። ወደ ቤታቸው ስለሄዱ ለቀጠሮ ሲመጡ ያግኟቸው። መጀመሪያ ግን የሆነውን በግልጽ ይንገሯቸው፦ ኢንሱሊን ሁለት ጊዜ መወጋቱን፣ በዚያ ምክንያት ስኳሩ መውረዱን፣ እንዳይደገም እየሠራችሁ መሆኑን። ከዚህ በፊት ካልተነገራቸው ይህ ከምርመራው ሁሉ የሚቀድም ዕዳ ነው፤ ከዳይሬክተሩ ጋር ተነጋግረው ይፈጽሙት። ከዚያ በኋላ ያዩትን ይጠይቋቸው።

ቀጥሎ ሰዎቹን ለየብቻ ያነጋግሩ፤ ለእያንዳንዱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። ሁለቱ ነርሶች፣ ካርዱን የወሰደው ተላላኪ፣ እራት የምታድለው የወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ፋርማሲስቱ፣ ተረኛው ሐኪም። የወጥ ቤቷ ለምን እንደምታስፈልግ ይገባዎታል፤ ለ12 ሰዓት የታዘዘ መርፌ ለምን 11 ሰዓት ላይ ተወጋ? ደብዳቤዎ አይናገርም። እራት ቀድሞ መጥቶ ከሆነ ነርሷ መርፌውን ከእራት በፊት ማድረሷ ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ችግሩ ወረቀቱ ላይ የሚጠበቀው ሰዓት 12 ሆኖ መቅረቱ ነው። ከቢሮዎ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው አያነጋግሩ። ዋርዱ ጸጥ በሚልበት፣ ከምሳ በኋላ ባለው ሰዓት፣ ነርሷ ያን ምሽት የቆመችበት ቦታ ላይ አብረው ይቁሙ። ቦታው ብዙ ያስታውሳል።

በአማርኛ «ለምን አልፈረምሽም?» ብሎ መጠየቅ መክሰስ ነው፤ መልሱ ወይ ይቅርታ ወይ መከላከያ ይሆናል። «ለምን» የምትለዋን ቃል ለግማሽ ሰዓት ይጹሟት። በምትኩ «እጅሽ ላይ ምን ነበር? ቀጥሎ ምን ልትሠሪ ነበር?» ይበሉ። «ያን ሰዓት ምን መሰለሽ?» ይበሉና ዝም ብለው ይጠብቁ፤ ከዚያ «ምን ስታዪ ነው እንደዚያ የመሰለሽ?»። ትልቅ ፍሬ ያለው ግን «ካርዱ በሌለበት ምሽት ሌላ ጊዜ ምን ታደርጊ ነበር?» የሚለው ነው። «ጓንት ላይ እጽፋለሁ»፣ «ቁራጭ ወረቀት ኪሴ እከታለሁ» የሚል መልስ ከመጣ፣ የዋርድዎን እውነተኛ የአሠራር መመሪያ አገኙ ማለት ነው። በስልክ ድምፅ አይቅዱ። በእጅ ይጻፉ፣ ሲጨርሱ ያነብቡላት፣ ታርም።

ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት አራት ዓምድ ይኑረው፦ ሰዓት፣ የታየ ወይም የተሰማ፣ ያን ጊዜ የመሰለው፣ ከምን እንደታወቀ። ለምሳሌ እንዲህ ይሞላል፦

11፡00 — 16 ዩኒት ተወጋ (ወጊዋ የቀን ተረኛ) — «ካርዱ ሲመለስ እፈርማለሁ» — ከራሷ።

11፡30 — «ተሰጥቷል» ተባለ — ተናጋሪዋ፦ መርፌው፤ ሰሚዋ፦ ተጠይቃ ይሞላ — ከሁለቱ።

12፡30 — ሺቱ ላይ የ12 ሰዓቱ ቦታ ባዶ ነበር — «አልተወጋም» — ከሺቱና ከማታ ተረኛዋ።

ሦስተኛው ዓምድ የሌለበት ወረቀት ተራ የክስ ዝርዝር ይሆናል። ሰው በዚያች ሰዓት በነበረው መረጃ ሥራው ትክክል መስሎት እንደሠራ የሚታየው እዚያ ነው። የማይታወቅ ነገር ካለ ቦታው ባዶ ይቅር፤ ለማሳመር ሲባል በግምት አይሞላ። ሁለት ሰው የተለያየ ከተናገረ ሁለቱም ይጻፍ። «አልፈረመችም»፣ «አላጣራችም» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ያልሆነውን እንጂ የሆነውን አይናገሩምና በምትካቸው ያን ጊዜ ምን እየሠራች እንደነበረ ይግባ። «ቢሆን ኖሮ»ና «መሆን ነበረበት» ለብቻው ሌላ ወረቀት ላይ ይከማቹ፤ በኋላ ለመፍትሔው ያስፈልጋሉ፣ አሁን ግን ታሪኩን ያጣምሙታል።

ወረቀቱ ሲሞላ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ለ60 ደቂቃ ያሰባስቡ፤ ከዚያ ከበዛ አዳራሽ ይሆናል። ሁለቱ ነርሶች ሲስማሙ ብቻ ይግቡ። መጀመሪያ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ያንብቡ፣ ሰዎች ያርሙ፣ ይጨምሩ፤ ግማሽ ሰዓት ለዚህ ይስጡ። መናገር የሚጀምረው በማዕረግ ዝቅ ያለው ነው፤ ተላላኪው፣ ከዚያ የወጥ ቤቷ፣ ከዚያ ነርሶቹ፣ ሐኪሙ በመጨረሻ። ይህንን ቅደም ተከተል በመጋበዝ ብቻ አያገኙትም፤ በስም እየጠሩ ያስጀምሩት። ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ «እኔ ግን ሌላ አየሁ» ማለት በአገራችን ነውር ነው፤ ለዝምታም «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚል ዝግጁ ምክንያት አለን። የቴነሪፉ መሐንዲስ ያየውን አይቶ ዝም ያለው በእኛ አገር አልነበረም፤ በእኛ አገር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሜዲካል ዳይሬክተሩ የመጀመሪያዎቹን 40 ደቂቃ ባይኖሩ ይሻላል። «ለመጨረሻው 20 ደቂቃ ይምጡና ሰዎቹ ከወረቀቱ ላይ ያስረዱዎት» ቢሏቸው የሚቀየሙ አይመስለንም።

እርግጥ ሊቃወሙ ይችላሉ፤ «ጥፋተኛ ሳይለይ ምን ውይይት አለ?» ሊሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ ከውጭ ምሳሌ አያምጡ፤ ራሳቸው የሚያውቁትን ያንሡላቸው። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን የጤና ተቋማት የእናቶች ሞት የሚመረመረው ያለ ስምና ያለ ወቀሳ በሚል መርሕ ነው። አንዲት እናት ሞታ እንኳ ቅጹ የባለሙያውን ስም ሳይጠይቅ ምን እንደዘገየና የት እንደዘገየ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ታካሚው ለተረፈበት ጉዳይ ይህንኑ መንገድ መከተል አዲስ ነገር አይደለም። ግን ከአቅምዎ በላይ ቃል አይግቡ። «ማንም አይቀጣም» የማለት ሥልጣን የለዎትም። የሚሉት ይህ ነው፦ «እዚህ የሚነገረው ለአሠራር ማስተካከያ ነው፤ ሰክሮ የገባ ወይም ሰነድ የሰረዘ ካለ ያ በሌላ መንገድ ይታያል፣ በዚህ ወረቀት አይደለም።» ዘጠኝ ነርስ ባለበት ዋርድ «ነርስ ሀ» ብሎ መጻፍ ስም አይደብቅም፤ ግን ሰነዱ ከዋርዱ ሲወጣ ዋጋ አለው፣ ስለዚህ ይጻፉት።

ከውይይቱ በፊትም ሆነ በኋላ አንድ ሥራ ይሥሩ፤ በእኛ ግምት ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። ለ14 ተከታታይ ምሽቶች፣ በርክክብ ሰዓት፣ ስንት ካርድ ከዋርድ እንደሌለ፣ ስንት መርፌ ሳይፈረም እንደተላለፈ ይቁጠሩ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀር ከሰባት ተሳፋሪዎቿ ጋር ስትፈነዳ መነሻው የሮኬቱ መጋጠሚያ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ነበር፤ ቅዝቃዜ አጠንክሮት ነበር። በዋዜማው መሐንዲሶችና ኃላፊዎች ሲከራከሩ በቀለበቱ ላይ ጉዳት የታየባቸውን በረራዎች ነበር ያነጻጸሩት፤ ጉዳት በቀዝቃዛም በሞቃትም ቀን ታይቶ ስለነበር የሙቀቱ ነገር አልጎላም። ጉዳት ያልታየባቸው በረራዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በሞቃት ቀን የተካሄዱ መሆናቸውን አብረው ቢያዩት ኖሮ ስዕሉ ሌላ ነበር። የእርስዎም ዋርድ የተመለከተው የተበላሸውን አንድ ምሽት ብቻ ነው። ካርዱ ሳይኖር መርፌ ተወግቶ፣ በቃል ርክክብ ተላልፎ፣ ምንም ሳይሆን ያደረ ስንት ምሽት አለ? ብዙ ሆኖ ከተገኘ ያቺ የማታ ነርስ የተለየ ነገር አልሠራችም፤ የሁልጊዜው አሠራር በእሷ ተራ ወደቀ።

መፍትሔው ላይ ሲደርሱ ቢበዛ ሦስት ነገር ይወስኑ፤ እያንዳንዱ ባለቤትና ቀን ይኑረው። «ሥልጠና ይሰጥ»፣ «ጥንቃቄ ይደረግ»፣ «ማስታወቂያ ይለጠፍ» የሚሉት ለመወሰን ቀላል ስለሆኑ መጀመሪያ ይመጣሉ፤ ያን ምሽት ግን የጎደለው እውቀት አልነበረም። እኛ የምናስቀድመው የኢንሱሊኑን ሺት ከካርዱ መለየት ነው፤ አንድ ገጽ ሆኖ አልጋው ጫፍ ላይ ይንጠልጠል፣ ካርዱ የትም ቢሄድ እሱ አይነቃነቅ። ካርድ ለማኅተም የሚሄደው ጠዋት በአንድ ላይ ይሁን፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ከዋርድ ባይወጣ። ርክክብም አልጋ ለአልጋ፣ ሺቱን በእጅ ይዞ ይደረግ። ስለ መርፌ «ተሰጥቷል» የሚለው ቃል ይቅር፤ «እኔ 11 ሰዓት ላይ 16 ዩኒት ወግቼዋለሁ» ይባል፤ ተረካቢዋም «11 ሰዓት፣ 16 ዩኒት፣ ተወግቷል» ብላ ትድገም። አስታማሚዎችም «ቅድም ተወግቷል» ለማለት እንዳይፈሩ ሲገቡ ይነገራቸው። በ30 ቀን ውስጥ አሥር ርክክብ ሳይናገሩ ቆመው ይመልከቱ፤ ከአሥሩ ስንቱ አልጋ ለአልጋ እንደተደረገ ይቁጠሩ። ከሰባት በታች ከሆነ ሰዎቹን ሳይወቅሱ ምን እንዳስቸገራቸው ይጠይቁ፤ ምናልባት የሺቱ ማንጠልጠያ ተሰብሮ ይሆናል፣ ምናልባት ሰርቪሱ 11፡30 ላይ ስለሚሄድ የቀን ተረኛዋ እየሮጠች ይሆናል።

ስለ ሪፖርቱ መጥፋት፦ ሳጥን አያስቀምጡ፤ ሳጥን የሚከፍተው ሰው ይጠፋል። በየርክክቡ መጨረሻ ሁለት ደቂቃ ወስደው «ዛሬ ሊሆን ሲል የተረፈ ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማንም አይመልስም። የተናገረች የመጀመሪያዋ ሰው ምን እንደሚገጥማት ዋርዱ ሁሉ ይመለከታል፤ የተናገረችው ነገር በሳምንት ውስጥ አንድ ለውጥ ካመጣ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለምሳሌ የሁለት ተመሳሳይ ብልቃጦች መደርደሪያ ከተለየ፣ ሌላዋ ትከተላለች። ምንም ካልተለወጠ ግን ዝምታው ከአሁኑ የባሰ ሆኖ ይመለሳል።

የማስጠንቀቂያውን ነገር ደብዳቤዎ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፎታል፤ እኛን ግን ከሁሉ ያሳሰበን እሱ ነው። ውይይቱ ካለቀ በኋላ የሰዓት ወረቀቱን ቅጂና የ14ቱን ምሽት ቆጠራ አያይዘው፣ ማስጠንቀቂያው እንደገና እንዲታይ ለዳይሬክተሩ በጽሑፍ ያቅርቡ። ቃለ ጉባኤ ሲጽፉም «የአመለካከት ችግር» የሚለውን አይድገሙት፤ በውይይቱ ከተረጋገጠ «በ11፡30 የተነገረው ቃል ሁለት ትርጉም ነበረው፣ ካርዱ አልነበረም፣ ሺቱ ላይ የነበረው ቦታ ባዶ ነበር» ብለው ይጻፉ። ይነሣላት አይነሣላት የእርስዎ ውሳኔ አይደለም፤ ጽፈው ማቅረብዎን ግን ትወቅ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ዕቃም ወረቀትም ሳይሰበስቡ፣ ይቺን ልጅ ለብቻዋ ያግኟት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሸታም ተብላ ሥራ እየገባች ነው። «ተሰጥቷል ስትልሽ ምኑ የተሰጠ መሰለሽ?» ብለው ይጠይቋትና ቃሏን እንዳለ ይጻፉት።